«እማዬ ምጪ!»፦ ልጆች ያልሰሙትን ቃል ከየት ያመጡታል?

ባለፈው እትም «ልጅ ቋንቋ ሲማር ስህተቱ ራሱ እድገት ነው» ብዬ በአንድ አረፍተ ነገር አልፌ ነበር። አንባቢዎች ግን አላሳለፉኝም። በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ልጆች አፍ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ለማታውቁኝ፦ 30 ዓመት ሥነ ልሳን አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ትልቋ ልጄ አፏን ስትፈታ የምትለውን የምጽፍበት አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ። አሁንም አጠገቤ ነው። ልጄ ራሷ በእስክሪብቶ ስለጫረችበት የማይነበቡ ገጾች አሉት። የተረፈው ግን ለዛሬ ይበቃናል። ከታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ 2 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። ከድሮም "ነይ" እና "ና" ስትል ተሳስታ አታውቅም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን "እማዬ ምጪ! አባዬ ምጣ!" ማለት ጀመረች። እኛ ቤት እንዲህ የሚል ሰው የለም። ባለቤቴ ቶሎ ካልታረመች ይለምድባታል ብሎ በተናገረች ቁጥር ያስደግማታል። ወደ ኋላ እየሄደች ይሆን? ከየትስ ሰማችው?» — ግራ የገባት እናት

እህቴ፣ ከየትም አልሰማችውም። ራሷ ናት የሠራችው።

እንዴት እንደሠራችው ላሳይሽ። «ይስማ» ካለ «ስማ» አለ። «ይውጣ» ካለ «ውጣ» አለ። «ይምጣ» ካለስ? በደንቡ ከሄድን «ምጣ» መሆን ነበረበት። ለሴት ደግሞ «ስሚ»፣ «ውጪ»፣ እና... «ምጪ»። ልብ በይ፣ «ምጢ» አላለችም። «ጣ» ለሴት ሲሆን ወደ «ጪ» እንደሚዞር አውቃለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አንቺም ብትጠየቂ ደንቡን የምትነግሪኝ አይመስለኝም። ታዲያ ማን ተሳሳተ? እኔን ከጠየቅሽኝ ደንብ የጣሰው አማርኛ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ከ«መጣ» ጋር ምንም የማይገናኝ «ና፣ ነይ፣ ኑ» የሚል ቃል ሰክቶ ተቀምጧል። እኛ ስለለመድነው አይታየንም።

ደብተሬ ውስጥ፣ ልጄ 2 ዓመት ከ5 ወሯ ላይ፣ «አይነውም!» የሚል ተጽፏል። «ይሄ ያንተ አይደለም» ለማለት ለወንድሟ የተወረወረ ቃል ነው። አይሄድም፣ አይበላም፣ አይነውም። ምን ይወጣላታል?

እዚህ ላይ የትልልቆቹ ሰዎች ጠብ ይመጣል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በአይጥና በእርግብ ሙከራው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋም እንደ ማንኛውም ልማድ የሚያዝ ነው አለ። ልጅ ያወጣው ድምፅ ምላሽ ካገኘ ይደግመዋል፤ ካላገኘ ይተወዋል። በ1959 ኖም ቾምስኪ የተባለ የቋንቋ ሊቅ፣ ገና የ30 ዓመት ጎልማሳ፣ በዚያ መጽሐፍ ላይ ረጅም ትችት ጻፈ። ነገሩን ባጭሩ ስናገረው፦ ሰው በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን አረፍተ ነገር በየቀኑ ይናገራል፣ ይረዳልም፤ ይህ በልማድና በሽልማት ብቻ አይገለጽም። ልጅ ሲወለድ ለቋንቋ የተዘጋጀ ነገር ይዞ መወለድ አለበት። መጽሐፉ ከሚነበበው በላይ ትችቱ የሚነበብበት ዘመን መጣ። ለስኪነር አንዳንዴ አዝንለታለሁ።

ለአንቺ ጥያቄ ግን ከሁለቱም የሚቀርበው ጂን በርኮ የተባለች ተመራማሪ ሥራ ነው። በ1958 ያሳተመችው ነው። የወፍ ዓይነት ነገር ሣለችና «ዋግ» የሚል ስም ፈጠረችለት። ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች አንዱን አሳየች። ቀጥላ ሁለት አሳየችና ምን እንደሚባሉ ጠየቀች። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ደንብ አብዝተው «ዋግዝ» አሉ። ቃሉ ያን ቀን ስለተፈጠረ ከማንም ሰምተውት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው የቃል ክምር ብቻ አይደለም፤ ደንብም አለ ማለት ነው።

ቤትሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። አንድ የማይታወቅ ፍጥረት ሥይና «ዙፍ» በይው። ግን «ሁለት» ብለሽ እንዳትጠይቂያት። በኛ ቋንቋ «ሁለት ዙፍ» ማለት ምንም ነውር የለውም፤ ቁጥር ካለ «ኦች» ባይኖርም ያስኬዳል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ እዚህ ላይ ይወድቁ ነበር። ይልቅ ብዙ ሥይና «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» በያት።

«ወደ ኋላ እየሄደች ነው ወይ?» ላልሽው፦ በፊት «ነይ» ስትል ቃሉን እንደ አንድ ድንጋይ ይዛው ነበር። ደንብ አልነበራትም። አሁን ደንቡን አገኘችው፣ ደስ አላትና ሁሉም ላይ ታሠራዋለች። በኋላ «ነይ» የተለየ መሆኑ ይጸናላታል። ትክክል፣ ስህተት፣ እንደገና ትክክል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1992 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የ83 ልጆችን ንግግር ቆጠረ። ከደንብ ውጪ የሆኑ የኃላፊ ጊዜ ግሦችን ሲናገሩ እንዲህ ደንቡን ለጥጠው የሚሳሳቱት ስንት ጊዜ ነው? ልጆቹ በስህተታቸው መጠን ቢደረደሩ መሀል ላይ የሚቆመው ልጅ የተሳሳተው 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። እናት ጆሮ የሚገባው ግን ያቺ 2.5 ናት። አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ፤ «ነይ» የምትልበት ጊዜ ሳይበዛ አይቀርም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ክፋት የለበትም፣ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ሮጀር ብራውንና ካሚል ሃንሎን በ1970 ባሳተሙት ሥራ፣ ወላጆች የትኛውን ስህተት እንደሚያርሙ ተመለከቱ። ሰዋስው አልነበረም፤ እውነትን ነበር። ሔዋን የሚል ስም የተሰጣት ልጅ ስለ እናቷ «እሱ ሴት ነው» ዓይነት ነገር ስትል እናቲቱ «ትክክል ነሽ» አለቻት። ሴት ናታ! ሌላ ልጅ ሰዋስዋዊ እንከን የሌለው አረፍተ ነገር ተናግራ ነገሩ ሐሰት ስለሆነ ታረመች። እንዲህ እየታረምን አድገን፣ ሰዋስው እየጠበቅን የምንዋሽ አዋቂዎች ሆንን የሚል ቀልድ አላቸው የሙያው ሰዎች።

ማርቲን ብሬን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ የገዛ ልጁን ለማረም ሞከረ። ልጅቷ ማንኪያ ፈልጋ «ሌላ አንዱን ማንኪያ» ትላለች። እሱ «ሌላውን ማንኪያ» ማለት እንዳለባት ይነግራታል። «አዎ፣ ሌላ አንዱን ማንኪያ፣ እባክህ አባዬ» አለችው። ቃል በቃል አስደገማት። «ሌላ» በይ፤ ሌላ። «ማንኪያ» በይ፤ ማንኪያ። «ሌላ ማንኪያ» በይ፤ ሌላ ማንኪያ። «አሁን ሌላ አንዱን ማንኪያ ትሰጠኛለህ?»

ስለዚህ ማስደገሙን ተዉት። «ምጪ» ስትልሽ ሂጂላት። እየሄድሽ «ነይ አልሽኝ? ይኸው መጣሁ» በያት። ትክክለኛውን ትሰማለች፣ የፈለገችውም ይፈጸምላታል። እኔ «አይነውም»ን አንድ ቀን አላረምኩም። ደብተሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የሚታየው ከአራት ወር በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ሲጠፋ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

«የልጅ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። እናቱ ሥራ ስለምትውል እኔ ዘንድ ይውላል። ቋንቋ እንዲማር ብለን ስልክ ላይ የልጆች ፕሮግራም እንከፍትለታለን፤ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ያያል። የሚናገራቸው ቃላት ግን ዐሥር አይሞሉም። ሌላ ምን ብንከፍትለት ይሻላል?» — አያት

አባቴ፣ ምንም አይክፈቱለት። ይዝጉት።

ይህን የምለው ስልክ ጠልቼ አይደለም። የሕፃን ጆሮ አስገራሚ ነገር ነው። ጃኔት ዌርከርና ባልደረባዋ በ1984 እንዳሳዩት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት ያሉ ከ6 እስከ 8 ወር የሆኑ ሕፃናት ወላጆቻቸው የማይለዩትን የባዕድ ቋንቋ ድምፅ ይለያሉ። አንዱ ፈተና ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰዱ፣ ከኛ «ቀ» ጋር የሚዛመዱ ሁለት ድምፆች ነበሩ። አንዱ «ቀ» ራሱ ማለት ይቻላል፤ ሌላው ከዚያም ወደ ጉሮሮ የገባ። ከ10 እስከ 12 ወር ሲሞላቸው ይህ ችሎታ ይከዳቸዋል። ጆሯቸው ቤት ውስጥ ለሚነገረው ቋንቋ ይሠራል፣ ሌላውን ይተዋል።

የ8 ወር ልጅ ደግሞ ይቆጥራል ብልዎ ያምኑኛል? በ1996 ጄኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ያለ ማቋረጥ ሲደረደሩ አሰሟቸው። ሁለት ደቂቃ ብቻ። የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር ዘወትር እንደሚከታተል ለዩ። ያለ ፋታ ከሚፈስ ንግግር ውስጥ ቃልን ቆርጦ ለማውጣት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

እንግዲህ ጆሮው እንዲህ ከሆነ ስልኩ ለምን አይበቃም? ይህን ጥያቄ ፓትሪሺያ ኩል አንስታዋለች። በ2003 የታተመ ሥራ ነው። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ወለል ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ፣ መጽሐፍ ተነበበላቸው። በ4 ሳምንት ውስጥ 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 25 ደቂቃ። ሲፈተኑ የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ። ሌሎች ሕፃናት እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ ንግግር፣ በቴሌቪዥን አዩ። ምንም አልተማሩም። ዜሮ።

ምክንያቱ ብዙ ተብሎበታል። እኔን የሚያሳምነኝ የሥነ ልቦና ሊቁ ጄሮም ብሩነር ቀድሞ ያለው ነው። ልጅ ቋንቋን የሚይዘው ከሰው ጋር በተራ በሚጫወተው ጨዋታ ውስጥ ነው። እርስዎ ኳስ ሲያዩ እሱም ያያል። እሱ ሲያመለክት እርስዎ ስሙን ይጠሩለታል። «ባ» ሲል ይመልሱለታል፣ ከዚያ ዝም ብለው ተራውን ይጠብቁታል። ስልኩ ግን ልጁ ወዴት እንዳየ አያውቅም። ተራም አይጠብቅም።

አሁን ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ልበልዎ። ጆሮውን ያስመርምሩት። ነገ ዛሬ አይበሉ። ሁለተኛው ልጄ በዚሁ ዕድሜ ቃል አልነበረውም። አንድ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ጆሮውን ሳያይ «ወንድ ነው፣ ወንድ ይዘገያል» ብሎ መለሰን። አመንኩት። እኔ፣ ይህን ሳስተምር የምውል ሰው! አምስት ወር አለፈ። ሌላ ሐኪም ሲያየው ከሁለቱም የጆሮ ታምቡሮች ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ልጄ የሚሰማን ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነበር። ከታከመ በኋላ ቃላቱ በሳምንታት ውስጥ ተንጋጉ። ደብተሬ ላይ የዚያን ወር ገጽ ሳየው ዛሬም እበሳጫለሁ።

ልጆች ይለያያሉ። ቀድሞ የሚናገር አለ፣ ዘግይቶ የሚደርስ አለ። ሆኖም 12 ወር ሞልቶት «ባ-ባ፣ ዳ-ዳ» የማይል ወይም በእጁ የማያመለክት፣ 16 ወር ሞልቶት አንድም ቃል የሌለው፣ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ባለሙያ ይየው። የነበረውን ቃል የሚያጣ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ።

«ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን መቋጫ አጣን። ማንም ሰው ሳያናግረው ያደገ ልጅ ምን ቋንቋ ይናገራል? ከቾምስኪና ከተቃዋሚዎቹስ ማን ልክ ነው?» — የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

ልጄ፣ ክርክራችሁ ጥንታዊ ነው። ሄሮዶተስ እንደጻፈው ፕሳሜቲኮስ የተባለ የግብፅ ንጉሥ ሁለት ጨቅላዎችን ለእረኛ ሰጠ። ማንም ቃል እንዳይናገራቸው አዘዘ። ሁለት ዓመት ቆይተው «ቤኮስ» አሉ። በፍርግያ ቋንቋ ዳቦ ማለት ነው ተባለና ፍርግያውያን ከሁሉ የቀደሙ ሕዝብ ተደረጉ። ልጆቹ የሚውሉት ፍየል መሀል ነበር። «ቤ... ቤ...» ከማን እንደሰሙ ለንጉሡ የነገረው ሰው የጠፋ ይመስላል።

በዘመናችን ማንም ይህን ሆን ብሎ አያደርገውም፤ መደረግም የለበትም። ጭካኔ ግን አንዳንዴ ያደርገዋል። በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ጂኒ» የሚል ስም የተሰጣት የ13 ዓመት ልጅ ተገኘች፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት የኖረች። ብዙ ቃል ተማረች፤ ቃላቱን በሰዋስው ማያያዝ ግን ከበዳት። እሷ ከመገኘቷ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ኤሪክ ሌነበርግ የተባለ ተመራማሪ ቋንቋ የሚያዝበት የዕድሜ መስኮት አለ፣ ጉርምስና ሲደርስ ይዘጋል ብሎ ስለነበር ብዙዎች እሷን ማስረጃ አደረጓት። እኔ እጠነቀቃለሁ። የተጎዳው ቋንቋዋ ብቻ አልነበረም።

የኔ ተወዳጅ ማስረጃ ሌላ ነው፤ ደስ የሚል ነው። ኒካራጓ ውስጥ፣ ማናጓ ከተማ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ መስማት የተሳናቸው ልጆች በብዛት አንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት በየቤታቸው ተበታትነው፣ እያንዳንዳቸው ከቤተሰብ ጋር የሚግባቡባት ጥቂት ምልክት ይዘው ነበር። አስተማሪዎቹ የከንፈር ንባብና ስፓኒሽ ሊያስተምሩ ይደክማሉ። ልጆቹ ግን በግቢውና በአውቶቡሱ ውስጥ በእጃቸው ማውራት ጀመሩ። አስተማሪዎቹ ምን እንደሚባባሉ ስላልገባቸው በ1986 ጁዲ ኬግል የተባለች የቋንቋ ባለሙያ ተጋበዘች። ያገኘችው አዲስ ቋንቋ ሲወለድ ነው።

ዝርዝሩ ነው የሚጥመኝ። አን ሴንጋስ እና ባልደረቦቿ በ2004 ያሳተሙትን እይ። አንድ ነገር ከዳገት እየተንከባለለ ሲወርድ የሚያሳይ ፊልም ላሳዩዋቸው ሁሉ እንዲተርኩት ጠየቁ። መጀመሪያ የገቡት ተማሪዎች መንከባለሉንና መውረዱን በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ አብረው አሳዩ፤ ዓይን እንዳየው። በኋላ የመጡት ትንንሾቹ ግን ለያዩት። መጀመሪያ «መንከባለል»፣ ቀጥሎ «መውረድ»። አማርኛም «እየተንከባለለ ወረደ» ብሎ ሁለት ቃል ያደርገዋል። ሥዕሉን ቆራርጠው ቃል ያደረጉት ሕፃናት ናቸው። ታላላቆቻቸው አይደሉም፤ አስተማሪዎቹማ ጨርሶ።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ ብቻውን ያለ ልጅ ቋንቋ አይናገርም። ልጆች ከልጆች ጋር ከተገናኙ ግን፣ ቋንቋ ባይሰጣቸውም ይሠሩታል።

ማን ልክ ነው? ኒካራጓን የቾምስኪ ሰዎች የኛ ነው ይላሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማይክል ቶማሴሎና መሰሎቹ ደግሞ አብሮ የሚወለድ ሰዋስው አያስፈልግም ይላሉ፤ ልጅ የሰውን ሐሳብ ማንበብ ይችላል፣ ከሰማው መሀል ተመሳሳዩን ያነጻጽራል፣ ይበቃዋል። ቶማሴሎ የገዛ ልጁን አነጋገር በማስታወሻ ይዞ ነበር። በሁለተኛ ዓመቷ እያንዳንዱ ግሥ ለብቻው ደሴት ሆኖ አገኘው፤ በአንዱ ግሥ የምታደርገውን በሌላው አታደርግም። ሰማያዊ ደብተሬን ስገልጥ የማየው ይህንኑ ነው። ልጄ «ስጪኝ» ማለት ከጀመረች በኋላ «አሳዪኝ» ለማለት ሁለት ወር ፈጅቶባታል፤ «ኝ»ን እያወቀቻት። ስለዚህ ለጅምሩ ከቶማሴሎ ጋር ነኝ። «ምጪ» እና «አይነውም» ሲመጡ ግን ልቤ ያመነታል። ለፈተናህ ይህን አትጻፍ፤ መምህርህ ወደ አንዱ እንድታዘነብል ይፈልግ ይሆናል።

«ከሕፃን ጋር እየተኮላተፉ ማውራት አነጋገሩን ያበላሻል?» — አጎት

አያበላሽም። ቀጭንና ዜማ ያለው፣ የተጎተተ አነጋገር ሕፃን ጆሮውን እንዲሰጥ ያደርገዋል። ግዴታም አይደለም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖሩት ካሉሊዎች ለሕፃን እንዲህ አያወሩም፤ ልጆቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ይናገራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። የልጁን ስህተት መልሰው ለእሱ እንዳይሉት። ሁለተኛው ልጄ «ጠ» እምቢ ብሎት በነበረ ጊዜ እያለቀሰ መጣና «ታቴ! ታቴ!» አለኝ። እኔም እንደሱ ልሁን ብዬ «ታትህን ምን ሆንክ?» አልኩት። እግሩን መሬት መታ። «ታት አይደለም! ታቴ!» አለ። «ታትህን?» ስለው ጭራሽ ብሶበት ጮኸ። በመጨረሻ «ጣትህን ነው?» አልኩት። ወዲያው ተረጋጋ። «አዎ» አለ፣ «ታቴን»። በር ይዞት ኖሯል።